ዲኮደሩ የሚሠራው ሥራም ይቆጠር
ይድረስ ለዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት፣ የሬዲዮ ኮሙኒኬሽን ዘርፍ ኃላፊዎች
ጄኔቫ

ክቡራን ሆይ፣

ጤና ይስጥልኝ። ልመናዬ አንድ ስለሆነ ቀድሜ ልናገረው። አይኤምቲ-2030 የምትሉትን ቀጣዩን የሞባይል ትውልድ ስትገመግሙ፣ ዲኮደሩ ለአንድ ቢት፣ ማለትም ለአንድ 0 ወይም 1፣ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ በቁጥር ጠይቁ። ዲኮደር ስል፣ በጫጫታ ተበላሽቶ ከደረሰው ሲግናል ውስጥ መጀመሪያ የተላከውን መልእክት ፈልጎ የሚያወጣውን ክፍል ማለቴ ነው።

በ2017 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ለ5ጂ ያወጣችሁት መስፈርት ቁጥር አላነሰውም። ከፍተኛው የማውረጃ ፍጥነት በሰከንድ 20 ጊጋቢት። 32 ባይት የሆነ አጭር መልእክት በ1 ሚሊሰከንድ ውስጥ፣ ከ100,000 ጊዜ 99,999 ጊዜ እንዲደርስ። ግሩም ነው። ወደ ኃይል ቁጠባ ስንመጣ ግን፣ ሥራ በሌለ ጊዜ ኔትወርኩ ደህና አድርጎ ይተኛ የሚል እናገኛለን፤ ያውም ያለ ቁጥር። ነቅቶ ሲሠራስ? እሱን በስፔክትረም፣ ማለትም በሬዲዮ ሞገድ፣ አጠቃቀም ለክተነዋል ትላላችሁ። ስፔክትረም መቆጠብና ስሌት መቆጠብ ግን ለየቅል ናቸው። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይጣላሉ።

ሥራው ምን እንደሚመስል በእጃችን እንየው። የሒሳብ ሊቁ ሃሚንግ በ1950 ያሳተመው ኮድ፣ ማለትም ስህተት ለማረም ትርፍ ቢት የሚጨምር ደንብ፣ 4 ቢት ተቀብሎ 7 ያደርጋል። 1011ን ብንሰጠው 0110011 ይመልስልናል። መንገድ ላይ 5ኛው ቢት ተገልብጦ 0110111 ሆኖ ደረሰ እንበል። ተቀባዩ ሦስት ፍተሻ ያደርጋል፤ ስህተት ከሌለ በየፍተሻው ያሉት አንዶች ብዛት ተጋማሽ ይሆናል። በ1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛና 7ኛ ቦታ ያሉትን አንዶች ይቆጥራል፦ 3 ናቸው፣ ኢተጋማሽ፣ ችግር አለ። በ2ኛ፣ 3ኛ፣ 6ኛና 7ኛ፦ 4 ናቸው፣ ሰላም ነው። በ4ኛ፣ 5ኛ፣ 6ኛና 7ኛ፦ 3፣ አሁንም ችግር። የወደቁት ሁለቱ ፍተሻዎች የሚጀምሩት ከ1ኛውና ከ4ኛው ቦታ ነው። 1 ሲደመር 4፣ 5። ጥፋተኛው ተያዘ። መልሶ መገልበጥ ብቻ ነው።

እንዲህ የቀለለው 7 ቢት ስለሆነ ነው። በ5ጂ የዳታ ኮድ ውስጥ አንዱ ጥቅል እስከ 8,448 የመረጃ ቢት ይይዛል። የመረጃ ንድፈ ሐሳብ አባት ሻነን በ1948 ጥሩ ኮዶች እንዳሉ አረጋገጠ፤ እንዴት ባለ ፍጥነት እንደሚፈቱ ግን አልነገረንም። በ1978 ደግሞ ተመራማሪዎቹ በርለካምፕ፣ ማክኤሊስና ቫን ቲልቦርግ አስደንጋጩን ነገር አመጡ። ለማንኛውም መስመራዊ ኮድ የሚሆን፣ ሁልጊዜ ትክክለኛውን መልስ የሚሰጥ ዲኮደር መፈለግ፣ ፈጣን መፍትሔ ከማይታወቅላቸው ከባድ ጥያቄዎች ጎራ ነው አሉ። ስለዚህ ሁላችንም የምንኖረው በአቋራጭ ነው።

አቋራጩ ራሱ ውድ ከሆነ ምን እንደሚከተል ጋላገር ምስክር ነው። ዛሬ 5ጂ ለዳታ የሚጠቀምበትን የኮድ ቤተሰብ፣ ኤልዲፒሲን፣ እሱ በ1960 በኤምአይቲ የዶክትሬት ጽሑፉ አቅርቦት ነበር። ኮዱም የመፍቻው ዘዴም አብረው ነበሩ። የዘመኑ ኮምፒውተር ግን አልቻለውም። ተመራማሪዎቹ ማክኬይና ኒል በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደገና እስኪያነሱት ድረስ ሦስት አስርት ዓመት ገደማ አቧራ ጠጣ። ጥሩ ኮድ በዲኮደሩ ዋጋ ብቻ ይህን ያህል ጊዜ ቆሞ ከጠበቀ፣ ዋጋውን ከመለኪያ ሠንጠረዥ ውጭ ማድረግ ምን ይሉታል?

አሁን ቺፑ ውስጥ እንግባ። አንድ የፍተሻ ነጥብ ከሦስት ቢቶች የእርግጠኝነት መጠን ይደርሰዋል፦ +6፣ −2፣ +5። ምልክቱ ቢቱ 0 ይሁን 1፣ ቁጥሩ ደግሞ ግምቱ ምን ያህል የጸና መሆኑን ይናገራል። ለአራተኛው ቢት ምን ይበለው? በትክክለኛው ቀመር ሎጋሪዝምና ሃይፐርቦሊክ ታንጀንት ውስጥ ገብቶ −1.94 ገደማ ያወጣል። ሚን-ሰም የሚባለው አቋራጭ ግን ምልክቶቹን ያባዛል፣ ትንሹን ቁጥር ይወስዳል፣ −2 ይላል። አለቀ። ልዩነቷን አያችኋት? በትንሽ እርማት ደግሞ አብዛኛዋ ትመለሳለች። በዚህ ላይ ፍተሻዎቹን በተራ በተራ እያስኬዱ አዲሱን ውጤት ወዲያው ለቀጣዩ መስጠት ፍተሻው የሚደጋገምበትን ዙር ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። ሁሉም ፍተሻ ሲያልፍ ወዲያው ማቆም ደግሞ አለ።

ይህ ሁሉ በመስኩ የታወቀ ነው። ችግሩ የውድድሩ ሜዳ ነው። ኮዶች ሲነጻጸሩ የሚቀርበው የስህተት መጠን ከርቭ ነው። ዲኮደሩ 50 ዙር ይዙር 10፣ ከርቩ ላይ አይታይም። ከሲግናል ጉልበት 0.1 ዴሲቤል፣ ማለትም ጥቂት ብቻ፣ ለማትረፍ ሥራውን እጥፍ ያደረገ ያሸንፋል። በትንሽ ባትሪ ዓመታት እንዲቆይ ለተተወ ሴንሰር ይህ ኪሳራ ነው ባይ ነኝ።

እርግጥ ሁልጊዜ ኪሳራ አይደለም። ሩቅ ጠፈር የሄደችውን መንኮራኩር፣ ቮየጀርን አስቡት። እዚያ ላኪው ነው ጉልበት የሌለው፤ ምድር ላይ ያለው ተቀባይ የፈለገውን ያህል ቢያሰላ ማን ይከፋዋል? ስለዚህ ለሁሉም አንድ ጣሪያ ይበጅ አልልም። ለየአገልግሎቱ፣ የሁለቱም ጫፍ ወጪ ተደምሮ ይታይ ነው የምለው።

«ኮድ የምንመርጠው እኛ አይደለንም፣ በጁል የሚለካው የኃይል ፍጆታም ከቺፕ ቺፕ ይለያያል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። ኮዱን ይምረጡት የሚመርጡት። ጁሉንም ተዉት። የሚቀርብላችሁ ሐሳብ ሁሉ በአንድ ዓይነት የጥቅል ርዝመት፣ ጫጫታና የስህተት መጠን፣ ለአንድ የመረጃ ቢት ስንት ስሌትና ስንት የማስታወሻ (ሚሞሪ) ንባብና ጽሕፈት እንደሚፈጅ ይናገር። ማስታወሻውን እንዳትዘሉት፤ በእነዚህ ዲኮደሮች ውስጥ ትልቁ የኃይል ወጪ ብዙ ጊዜ መደመሩ ሳይሆን ቁጥሮችን ማመላለሱ ነው። አማካዩም የከፋውም ጊዜ ለየብቻ ይጻፍ፤ አማካዩ ባትሪውን፣ የከፋው መዘግየቱን ይወስናሉና። ቁጥሮቹ የወጡበት የዲኮደር ሶፍትዌርም ማንም አስኪዶ እንዲያየው ክፍት ይሁን።

በግምገማ ቅጻችሁ ላይ አራት ቁጥርና አንድ የሶፍትዌር አድራሻ መጨመር ነው። ካልሆነም ለምን እንደማይሆን በጽሑፍ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሲግናል መሐንዲስ