እማዬ፣ ተልባውን የፈለግሁት ለትንሿ ልጄ ፀጉር ነው

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ አለይኩም እማዬ። እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ ደሴ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ብርዱ ብቻ በርትቶብናል።

ባለፈው በስልክ ተልባ ላኪልኝ ስልሽ «ሆድሽን አመመሽ እንዴ?» ብለሽ ደነገጥሽ። ሳልመልስልሽ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ሆዴን አላመመኝም እማዬ። ተልባው ለትንሿ ፀጉር ነው። ነገሩ ረዘም ስለሚል ጻፍኩልሽ። የወንድሜ ልጅ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ።

ለዒድ የመጣሽ ጊዜ ልጅቷን አቅፈሽ አናቷን ስታሸቺ ቅቤ እንዳልነካት አወቅሽ። ምንም አላልሽም። ፊትሽ ላይ ግን አየሁት። ከሐይቅ ድረስ ይዘሽልን የመጣሽውን ለጋ ቅቤ የናቅሁት እንዳይመስልሽ። ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ ቅቤው ፀሐይ ሲነካው በአንገቷ እየወረደ የደንብ ልብሷን ያበላሸው ጀመር። ልጆቹም ሸተትሽ አሏት። እያለቀሰች ስትመጣ አንጀቴን በላችኝ። ከዚያ ወዲህ አልደፈርኩም።

ከሱቅ የልጆች ኮንዲሽነር ገዛሁላት። ታጥቦ የማይወጣ፣ ፀጉር ላይ የሚቀር ክሬም ነው። ሽታው ደስ ይል ነበር። በሳምንቱ ከጆሮዋ ጀርባ ሽፍ አለባት፤ ሌሊት ስታክ ታድራለች። ጣልኩት። ያን ጊዜ ነው ሹሩባ የምትሠራ ጎረቤቴ የተልባውን ነገር የነገረችኝ።

አሠራሩን በአንቺው ስኒ ልንገርሽ። አንድ የቡና ስኒ የተለቀመ ተልባ፣ ስምንት ስኒ ውሃ። እንደ መጠጡ አይቆላም፣ አይወቀጥም፤ ፍሬው እንዳለ ይገባል። ሲፈላ እሳቱን ቀነስ አድርጌ አማስለዋለሁ። 10 ደቂቃ እንኳ አይሞላም፣ ውሃው እንደ እንቁላል ነጩ ይዝለገለጋል። ያኔ ሳይበርድ በስስ ጨርቅ አጠልለዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ይብረድልኝ ብዬ ብጠብቅ አልወርድም ብሎ ግማሹ ጨርቁ ላይ ቀረ። ሲበርድ አንድ የሻይ ማንኪያ የወይራ ዘይት ጠብ አደርግበትና እመታዋለሁ። በቃ። ሽቶም ሎሚም አይገባበትም፤ የልጅ ቆዳ ስስ ነው።

እሬት ጨምሪበት ያሉኝም ነበሩ። እኔ ግን እሬት ሲባል ጡት ስታስጥይኝ የቀባሽው ነው ትዝ የሚለኝ። ከቅጠሉ የሚወጣው ቢጫ ውሃ ቆዳ ያሳክካል። ለእሷ ይቅርባት ብዬ ተውኩት።

መጀመሪያ ክንዷ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ቀብቼ አንድ ቀን ጠበቅሁ። ምንም አላላትም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ይሄ እንደ ቅቤ የሚቀመጥ አይደለም። ውሃ ያለበት ስለሆነ ይበላሻል። እኔ ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ ሳምንት በላይ አላቆየውም። አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ሰነበተና ስከፍተው ኮምጥጦ ሸተተኝ። አሳዘነኝ ግን ደፋሁት። ለዚህ ነው ትንሽ ትንሽ የምሠራው።

እሁድ እሁድ ፀጉሯን አጥቤ፣ ገና እርጥብ ሳለ አራት ቦታ እከፍለዋለሁ። ተልባውን በእጄ አዳርሼ፣ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከጫፉ ጀምሬ ወደ ላይ እፈታዋለሁ። ከሥሩ ጀምሮ መጎተት ፀጉሩንም ይበጥሳል፣ ልጅንም ያስለቅሳል። ከዚያ ላላ አድርጌ እጎነጉናለሁ። ጠበቅ ብሎ የተሠራ ሹሩባ ግንባር ላይ ያለውን ፀጉር ይመልጠዋል፤ ጎረቤቴ ራሷ ናት አታጥብቂባት ያለችኝ።

አሁን ሚዶ ስታይ አትሸሽም እማዬ። ይሄን ስጽፍልሽ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ጎረቤቴ ስታስረዳኝ ያለችው ነገር ደግሞ አንቺን አስታወሰኝ። የተጠቀለለ ፀጉር ቶሎ ይደርቃል፤ ከራስ ቆዳ የሚወጣው ወዝ ጥቅልሉን ተከትሎ ጫፍ ድረስ መውረድ ያቅተዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ፀጉሩ ውሃ ማግኘት አለበት። ዘይቱ ወይ ቅቤው ያንን ውሃ ይዞ ያቆያል አለችኝ። እኔ ምን ትዝ አለኝ መሰለሽ? ለዒድ ዋዜማ እግርሽ መሀል አስቀምጠሽኝ፣ ቅቤውን ከማንሳትሽ በፊት ለብ ባለ ውሃ ፀጉሬን ታርሺው ነበር። «ደረቅ ራስ ቅቤ አይቀበልም» ትይኝ ነበር። ለካ ነገሩ ሁሉ እዚያ ነበር። ከሱቅ የገዛሁት ጠርሙስ ላይ ሳይሆን ከእጅሽ ነው የተማርኩት።

ቅቤውንም አልተውኩትም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ፀጉሯን በውሃ አርሼ እቀባታለሁ። ያን ቀን አናቷን ሳሸት ቤታችን የገባሁ ይመስለኛል።

ተልባውን በሚኒባስ ላኪልኝ፣ ሾፌሩን መናኸሪያ ሄጄ አገኘዋለሁ። ሁለት ኪሎ ይበቃኛል።

ደግሞ በስልክ «ፀጉሬም ሳሳ፣ ልላጨው ነው» ያልሽው ከልቤ አልወጣም። ክረምት ሲገባ ከትንሿ ጋር እመጣለሁ። ተልባውን ያንቺው ምድጃ ላይ አፈላዋለሁ፤ ሲበርድ እሷ ትቀባሻለች፣ እኔ አበጥርሻለሁ። እስከዚያ እንዳትላጪው።

ልጅሽ