ጣሪያው ገና አልተከደነም፤ ለፖርትላንድ ወገኖቻችን የቀረበ ሁለተኛ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ በኦሪገን ፖርትላንድና በአካባቢዋ የምትኖሩ የማኅበራችን አባላትና ወዳጆች፣

የአዳራሻችን ጣሪያ በበረዶ ክብደት ከተደረመሰ እነሆ ስምንት ወር ሆነው። ለጥገናው ከሚያስፈልገው 48,000 ዶላር እስካሁን የተሰበሰበው 19,000 ብቻ ሲሆን፣ ከፋሲካ ወዲህ የገባው እጅግ ጥቂት ነው። ደጋግመን መጠየቃችን እንደሚያሰለች እናውቃለን፤ እኛም ደክሞናል። ሆኖም በጃንዋሪ ሦስተኛው ሰኞ የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ይውላል፤ ልጆቻችንን ሰብስበን የምናስተምርበት ሌላ ቤት የለንም።

ይህን ቀን የምናከብረው እንደ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1988 ኢትዮጵያዊው ወንድማችን ሙሉጌታ ሥራው በዚህችው ከተማ፣ በ28 ዓመቱ፣ በዘረኞች የቤዝቦል ዱላ ተደብድቦ ሲገደል፣ ለቤተሰቡ የቆሙት የመብት ጠበቆች የመጡት ሮዛ ፓርክስ ለነጭ ተሳፋሪ ከአውቶቡስ መቀመጫዋ አልነሣም ካለችበት ከሞንትጎመሪ፣ አላባማ ነበር። በ1990 በገዳዮቹና ከኋላቸው ሆነው ባነሣሷቸው ላይ የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ አስፈረዱ። የጥቁር አሜሪካውያን ትግል ደማችንን የራሱ ደም አድርጎ ተሟግቶልናል፤ ይህ ውለታ አለብን። ትግሉም አላለቀም፤ በ1965 በአላባማዋ የሰልማ ከተማ ሰልፈኞች ደም የተገኘው የምርጫ መብት ሕግ፣ የዘር መድልዎ ታሪክ ያለባቸው ግዛቶች የምርጫ ደንባቸውን ከመለወጣቸው በፊት የፌዴራሉን መንግሥት እንዲያስፈቅዱ ያስገድድ የነበረው ዋና ምሰሶው በ2013 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ከሥራ ውጭ ሆኗል።

በግድግዳችን ላይ የነበረው የመብት ታጋዩ የጆን ሉዊስ ፎቶግራፍ፣ ካፖርቱን ለብሶና ቦርሳውን በጀርባው አንግቶ ከሰልማው ሰልፍ ፊት የቆመበት፣ ውኃ ገብቶበት ከመስተዋቱ ጋር ተጣብቋል። የሙሉጌታን ምስል አንዲት እናታችን በፎጣ መካከል አድርገው ሦስት ቀን በወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ስላደረቁት ተርፏል።

ያለፈው መዋጮ የት ገባ ለምትሉ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። የኤሌክትሪክ መስመሩ ተቀይሯል፣ ማሞቂያው ተተክሏል፣ የቅዳሜው የልጆች ትምህርት ሦስት ዓመት ሳይቋረጥ ተሰጥቷል። ለፎቶግራፎቹ ክፈፍ ገንዘብ መውጣቱን የነቀፉ ነበሩ፤ እኛ ግን ዛሬም ትክክል ነበር እንላለን፤ ልጅ በየሳምንቱ የሚያየውን ፊት አይረሳም። ደረሰኞቹ በሙሉ በገንዘብ ያዥዋ እጅ ስላሉ ማንም አባል መጥቶ ማየት ይችላል። ኢንሹራንሱ የሸፈነው የፍርስራሹን ማንሻ ብቻ ነው።

ነህምያ የፈረሰውን ቅጥር አይቶ ሲናገር ሕዝቡ «እንነሣና እንሥራ» ነው ያለው። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም በሰደቃቸው እንዲያስቡን በትሕትና እንለምናለን። አንድ ቤተሰብ 100 ዶላር ቢሰጥ፣ 290 ቤተሰብ ቀሪውን ይሸፍነዋል።

ቼክ የምትጽፉ በማኅበሩ ስም ብቻ ጻፉ፤ በማንም ግለሰብ ስም አይጻፍ። በጥሬ ገንዘብ የምትሰጡ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም ቅዳሜ ከልጆቹ ትምህርት በኋላ ለገንዘብ ያዥዋ አስረክቡ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። ሠራተኞቹ ሥራ የሚጀምሩት ግማሹ ክፍያ ሲፈጸም ስለሆነ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ እንድታደርሱልን አደራ እንላለን። በድጋሚ፣ ቼኩ በማኅበሩ ስም ይሁን።

የጥገና ኮሚቴው