ሕፃኑን ታቀፊው፣ እማዬ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ትናንት ታናሼ ከደብረ ማርቆስ ደውላ የነገረችኝ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። «ለካንሰሩ የታከምኩበት ጨረር ይተላለፍበታል» ብለሽ ሕፃኑን አላቅፍም አልሽ አሉ። የቡና ሲኒሽንም ለይተሻል።

እማዬ፣ ጨረር መለካት እኮ የእኔ እንጀራ ነው። እባክሽ ስሚኝ።

የታከምሽበት ማሽን የሚሠራው በመብራት ነው። ኤሌክትሮን የሚባሉ ኢምንት ነገሮችን አስወንጭፎ ብረት ላይ ያላትማቸዋል። ጨረሩ የሚወጣው ያኔ ነው። ማሽኑ ሲጠፋ እሱም የለም። ኩራዝ ሲጠፋ ቤት ውስጥ የሚቀር ብርሃን አለ?

ፍርሃትሽ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ጎረቤታችን ለእንቅርት ካንሰር ስትታከም ከልጆች ራቂ ተብላ ነበር። ልክ ነው። እሷ የዋጠችው ራሱ ጨረር የሚያወጣ አዮዲን ነው። ኃይሉ በየ8 ቀኑ በግማሽ እየቀነሰ ሰውነት ውስጥ ይሰነብታል። ያንቺ ከውጭ መጥቶ አልፏል።

«ቆዳዬ ጠቁሯል» ብለሻል። አጨዳ የዋልሽ ቀን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ፊትሽን ያቃጥልሽ የለ? ፀሐይዋ ግን ሄዳለች።

«ምንም ሳይሰማኝ 25 ቀን ተመላለስኩ» ያልሽውም እውነት ነው። በቀን የወሰድሽው 2 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ሰውነትን የዲግሪ አንድ ሺህኛ እንኳ አያሞቅም። አንዴ ፉት ያልሽው ቡና ይበልጠዋል። ሥራው በሙቀት አይደለምና። ሴሉ የሚመራበትን ዲኤንኤ የሚባል ክር ይበጥሳል። ጤነኛው ሴል በማግስቱ እስክትመጪ ብዙውን ይጠግናል፤ ካንሰሩ ግን ጥገና ላይ ደካማ ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የተሰጠሽ ለዚህ ነው።

ደረትሽ ላይ ነጥብ ሲያደርጉልሽ የአንገትሽን ንቅሳት እየዳበስሽ «በስተርጅና ደግሞ ሌላ ንቅሳት!» ብለሽ የሳቅሽው ትዝ ይለኛል። የግድግዳው ቀይ ብርሃን ነጥቦቹ ላይ ካላረፈ ሕክምናው አይጀመርም ነበር። በየቀኑ ልክ እዚያው ቦታ እንድትተኚ ነው። ወደ ሳንባና ወደ ልብሽ የሚደርሰው እንዲያንስ በሲቲ ስካንሽ ላይ ስንት ሰዓት እንዳቀረቀርን ብታዪ!

ሲኒሽን ከሌሎቹ ጋር መልሺው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ በቪዲዮ እደውላለሁ። ሕፃኑን ታቅፈሽ ልይሽ።

የሚወድሽ ልጅሽ