የአውቶሞቲቭ ክበብ ዘገባ፦ ያቺ ቢጫ መብራት

ዘንድሮ በክበባችን ከማንኛውም ተማሪ ስም በላይ የተጠራው «ፒ0171» ነው። የስህተት ኮድ ነው። የአንድ ባልደረባችን መኪና ቼክ ኢንጅን መብራቷ በርቶ አልጠፋ ሲለው፣ «በሉ ልጆቹ ይሞክሩባት» ብሎ ቁልፉን ሰጠን። መኪናዋ ሰው ሲነዳት የቆየች ናት። የቀድሞው ባለቤት ደግሞ እጁ አላረፈም። ክፍት የአየር ፊልትሮ ገጥሞላታል፣ የጭስ ማውጫዋን በሰፊ ለውጧል፣ ኮምፒውተሯንም ቱን አስደርጓል፣ ማለትም ፕሮግራሙን አስቀይሯል።

በመጀመሪያው ቀን ስካነሩን ሰክተን ኮዱን እንዳነበብን፣ አንድ የቸኮለ አባል «አጥፋ» የሚለውን ተጫነው። መብራቱ ጠፋ፤ ተጨበጨበ። እኔ ግን ራሴን ያዝኩ። ኮምፒውተሩ ኮድ ሲመዘግብ፣ በዚያች ቅጽበት ሞተሩ ስንት ዙር ላይ እንደነበር፣ ምን ያህል እንደሞቀና ምን ያህል ጭነት እንደነበረበት አብሮ ያስቀምጣል። ፍሪዝ ፍሬም ይባላል። ኮዱ ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። ምርመራውን ሳንጀምር ማስረጃውን ደመሰስነው ማለት ነው። መብራቱ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ።

ሁለተኛው ጥፋት የእኔ ነው። ኮዱ «ቅይጡ ስስ ነው፣ አየር በዝቷል» ይላል። ይህን የሚያየው በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካው ኦክስጅን ሴንሰር ነው። እንግዲያው የተበላሸው እሱ ነው ብለው ልጆቹ ሲከራከሩ እኔም ተሸነፍኩ። በክበቡ ገንዘብ አዲስ ገዛን። መብራቱ አሁንም አለ። የድሮው ሴንሰር ምንም አልሆነም ነበር። እውነቱን ስለተናገረ ከሥራ አባረርነው።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብለን ኮዱን ማንበብ የጀመርነው። ፒ ሞተርንና ማርሽን ይመለከታል። ቀጥሎ ያለው 0 ኮዱ ለሁሉም አምራቾች የጋራ መሆኑን ይናገራል፤ በቦታው 1 ቢሆን የአምራቹ የራሱ ኮድ ነው። የቀረው የነዳጅና የአየር ጉዳይ መሆኑን ይነግረናል። ቤንዚን በወጉ እንዲነድ 1 ግራሙ 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። አየር ሲበዛ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምራል። ጭማሪው ፉዩል ትሪም ይባላል፤ ስካነሩ ላይ በመቶኛ ይታያል። ብዙ መኪኖች ላይ 25 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ተስፋ ቆርጦ መብራቱን ያበራል።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ አለች። ስትናገር እምብዛም አትሰማም። ደብተሯ ላይ ሦስት የትሪም ቁጥሮች ጻፈች። በሚኒሞ፣ ማለትም መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ዝቅ ብሎ ሲዞር፣ 21 በመቶ። 2,500 ዙር ላይ 23። እኔ እየነዳሁ አቀበት ስንወጣ 24። «ቲቸር፣ ቀዳዳ አይደለም» አለችኝ።

ልክ ናት። ከአየር መለኪያው ሴንሰር በኋላ፣ ወደ ሞተሩ ባለው መንገድ ላይ፣ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ቢኖር፣ የሚብሰው ሚኒሞ ላይ ነበር። ያኔ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ ትንሿ ቀዳዳ ድርሻዋ ይገዝፋል። ዙር ሲጨምር ድርሻዋ ይወርዳል። የነዳጅ ፓምፕ ደክሞ ቢሆን ደግሞ ቁጥሩ ደህና ቆይቶ ጭነት ሲበዛ ነው የሚያሻቅበው። የእኛ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው። የተጠረጠረው እንግዲህ አየር መለኪያው ራሱ ነው። በማጽጃው አጸዳነው፤ ለውጥ የለም።

ባልደረባችን ለቀድሞው ባለቤት ደወለ። የፋብሪካው ፊልትሮ ሳጥን ከነቱቦው ቤቱ ተቀምጧል። አስመጣነውና ካሊፐር አወጣን። አየር መለኪያው የሚሰካበት የድሮው ቱቦ ውስጡ 65 ሚሊሜትር፣ አዲሱ 72 ነው። የቱቦዎቹን አፍ ስፋት ለማወዳደር ልጅቷ እያንዳንዱን በራሱ አባዝታ ትልቁን ለትንሹ አካፈለች፦ 1.23። ያው አየር በሰፊ ቱቦ ሲያልፍ ይዘገያል። የሴንሰሩ ሙቅ ሽቦ ግን የሚያውቀው አጠገቡ ያለፈውን ብቻ ነው። ኮምፒውተሩም የድሮው ቱቦ ነው ብሎ ያሰላዋል። ኮምፒውተሩ የሚጨምረው 23 በመቶ ይኸው። እኔም በካልኩሌተር ደግሜ አባዛሁት፣ አላመንኩም ነበር።

ቱን ሲደረግ ይህ ለምን አልተስተካከለም? መልሱ እዚያው ስልክ ላይ ተገኘ። ኮምፒውተሩ የተነካው መጀመሪያ ነው፤ ፊልትሮው የተገጠመው ከዚያ በኋላ። ቱኑን የሠራው ባለሙያ 72 ሚሊሜትሩን ቱቦ ጨርሶ አላየውም። ይህን በመጀመሪያው ቀን ብንጠይቅ ሴንሰሩንም ባልገዛን ነበር። አሁን ለሚመጣ መኪና ሁሉ የምንሞላው ቅጽ አለን፤ አንደኛው መስመር «ምን ተቀየረ? በየትኛው ቅደም ተከተል?» ይላል።

መሃል ላይ አንድ አባል «ኮዱን ከሶፍትዌሩ ውስጥ የሚዘጋ ሰው አለ» ብሎ መጣ። ይቻላል። ብዙ ተከራከርን፤ በመጨረሻ በመምህርነቴ ከለከልኩ። መብራቱ ቢዘጋም ቅይጡ እንደሳሳ ነው። ስስ ቅይጥ ደግሞ ጭነት ላይ ሞተር ያንኳኳል፣ ሲብስ ፒስተን ይበሳል።

የድሮውን ሳጥን መለስን። ትሪሙ ወደ 3 እና 4 በመቶ ወረደ። በነገራችን ላይ ቁልፍ ከፍቶ መቆየት ባትሪ እንደሚጨርስም ተምረናል፣ ሁለት ጊዜ።

በሳምንቱ መብራቷ እንደገና በራች። አሁን ፒ0420 ነው፤ ካታሊስቱ፣ ማለትም ጭሱን የሚያጸዳው የጭስ ማውጫው ክፍል፣ በወጉ አይሠራም ይላል። ልጆቹ «አበላሸናት!» ብለው ደነገጡ። እኛ አልነካነውም። ብዙ መኪኖች የነዳጅ ቅይጥ ኮድ እያለባቸው ካታሊስቱን አይፈትሹም። የመጀመሪያው ኮድ ሁለተኛውን ሸፍኖት ኖሯል። መኪናዋን በክሪክ አንስተን በብረት ድጋፍ አስቀመጥናትና በባትሪ ብርሃን ከሥር አየን። ካታሊስቱ መኖር ያለበት ቦታ ላይ ቀጥ ያለ ቱቦ ተበይዷል።

ባልደረባችን ካታሊስት እያፈላለገ ነው። መብራቷ እስካሁን እንደበራች ናት።