የምለምንህ ነገር አለኝ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ከናፍቆት ጋር ይድረስህ። መጥፋቴን ይቅር በለኝ፤ አንተም ብትሆን ደብዳቤ የምትወድ ሰው አይደለህምና እኩል ነን። የጤናና የቤተሰብ ወሬ በስልክ ይደርሳል፤ ዛሬ የጻፍኩልህ ቸግሮኝ ነው።

በቡድኔ ውስጥ አንድ የአገራችን ልጅ አለ። በዲቪ አሜሪካ በመጣ በዓመቱ የሠራዊቱን ዩኒፎርም ለበሰ። ለእናቱ በየወሩ ይልካል፣ ሥራውን አያጓድልም፣ ሌሊት ግን አይተኛም። ስጠይቀው እየሳቀ «ደህና ነኝ» ይለኛል። ያንን ሳቅ አንተ ከአፍጋኒስታን በተመለስክበት ክረምት አይቼዋለሁ።

የሥነ ልቦና ጽናት አሠልጣኝ መሆኔን ሰምተሃል? 10ሩን ቀን ተምሬ ጨረስኩ። ሠራዊቱ በፈረንጆቹ 2009 ከፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ጋር የጀመረው፣ አንተ «ጦርነትን በእርሳስ» እያልክ የምታበሽቀኝ ያው ሥልጠና ነው። አንዱን መልመጃ ከልጁ ጋር ሠራሁ፤ መጀመሪያ የምትፈራውን ክፉ ነገር ጻፍ፣ ቀጥሎ መልካሙን፣ ከዚያ በእርግጥ ሊሆን የሚችለውን። እናቱ እሱ ሳይደርስላት ስትሞት እያሰበ ገጹን ሞላው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እርሳሱ ቆመ። ይህ ሥልጠና ሳይጎዱ ለመጠንከር እንጂ የተጎዳን ለማከም የተሠራ አይደለም። ደግሞስ እንቅልፍ ላጣ ልጅ የሌሊት ጥበቃ እየደረቡ «ጽና» ማለት ምን የሚሉት ነው? ተራውን አስቀይሬለታለሁ።

የሚፈራው የሕክምና መዝገቡን ነው፤ «ዜግነቴን ያበላሽብኛል» ይላል። ሐኪም ማነጋገር ዜግነት አያስከለክልም አልኩት። በፈረንጆቹ 2018 ሕይወቱን ባጠፋ ወጣት መርከበኛ ስም የተሰየመው የብራንደን ሕግ፣ ምክንያቱን ሳይናገር ወደ አእምሮ ጤና ምርመራ እንድልከው እኔኑ የመጠየቅ መብት እንደሚሰጠው አስረዳሁት። ለሠራዊቱ ቄስ በምሥጢር የነገረው ለአዛዥ እንደማይደርስም ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ምንም የለም። ምን ያድርግ፣ የሚያየው ማዕረጌን ነው።

አንተ ግን እዚያ የሐኪም ክፍል ገብተህ ተቀምጠሃል፣ ከዚያም በኋላ ዓመታት አገልግለሃል። እንዴት ብዬ ልጠይቅህ... ያንን ዘመን ማንሳት እንደማትወድ አውቃለሁ። ከከበደህ እንቢ በለኝ፣ አልቀየምህም። ስምህን ሳልጠራ «በዚህ ያለፈ ወንድም አለኝ» ስለው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ «በአማርኛ ያናግረኛል?» አለኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለውም። ቅዳሜ ማታ ደውልልኝና ቁጥሩን ልስጥህ።

እህትህ፣ ከፎርት ብሊስ