«ብለዋል» ሲሆን «አረጋገጡ» አትበሉን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ አራዳ ውስጥ ማመልከቻ እየጻፍኩ የማድር ሰው ነኝ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ጃንጥላ፣ ሁለት ወንበር፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የባለጉዳይ። ቀኑን ሙሉ የምሠራው ሰው የነገረኝን ሰምቼ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ምን እንዳየ፣ ማን ምን እንዳመነ ወረቀት ላይ ማስፈር ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ግሥ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በቅርቡ አንዲት እናት መጡ። ከቦርሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ የጋዜጣ ቁራጭ አወጡ። የትኛው ጋዜጣ እንደሆነ ይቅር። ርዕሱ አንድ ኃላፊ የይዞታ ካርታ በ15 ቀን ውስጥ ለባለጉዳዮች እንደሚሰጥ «አረጋገጡ» ይላል። «አረጋገጡ» የምትለዋ ቃል በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮባታል፤ ያሰመረችላቸው የልጅ ልጃቸው ናት። ዜናው ከወጣ አራት ወር አልፎታል። «ልጄ፣ ይኸውልህ ማረጋገጫ አለኝ፣ ይቺን አያይዝልኝ» አሉኝ።

ቁራጯን ተቀብዬ እስከ ታች አነበብኳት። ኃላፊው በራሳቸው አንደበት የተናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «በ15 ቀን ለመስጠት እየሠራን ነው»። ሌላ የለም። ወረቀት ያየ የለም፣ ቀን የቆረጠ የለም፣ ካርታ የተቀበለ ሰው የተጠየቀ የለም። ታዲያ ማን ነው ያረጋገጠው?

እኔ ማመልከቻው ላይ «ካርታ ለመስጠት እየተሠራ እንደሆነ ተናግረው ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ሳነብላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ለምን አሳነስክብኝ? አረጋገጡ ነው እኮ የሚለው» አሉ። ምን ልመልስላቸው? ያሳነስኩት እኔ አይደለሁም፤ ቃሉን ከልኩ በላይ ያሳደገው ሌላ ሰው ነው። ለእርሳቸው ግን የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ የመሰልኩት፤ እስከ ማታ ከነከነኝ።

እስቲ ቃሉን ራሱን እንየው። «አረጋገጠ» ውስጥ «ረገጠ» አለ። መሬቱን ረግጦ ጠንካራ መሆኑን ያየ ሰው ቃል ነው። እርግጥም፣ እርግጠኛም ከዚያው ነው የሚመጡት። «ገለጸ» ደግሞ የ«ገለጠ» እህት ነው፤ ድስት ይገለጣል፣ መጽሐፍ ይገለጣል፣ ሽፋኑ ሲነሳ ከሥሩ ያለው ይታያል። ስለዚህ «ገለጹ» ብላችሁ ስትጽፉ የነበረ ነገር ታየ ማለታችሁ ነው እንጂ አንድ ሰው አፉን ከፈተ ማለት ብቻ አይደለም። «ጠቆመ» ጣት ነው፤ እዚያ ጋ ተመልከት ይላል፣ ከዚያ በላይ አይሄድም። «አመለከተ» ከምልክት ጋር ዘመድ ነው፣ እኔን የሚያበላኝ ማመልከቻም ከዚያው ነው። «አስረዳ» ማስረጃን ወልዷል። «አስገነዘበ» እና «አሳሰበ»ን ደግሞ ተዉአቸው፤ እነሱ ከላይ ወደ ታች የሚነገሩ ናቸው፣ ጎረቤት ጎረቤቱን አያስገነዝብም።

እነዚህ ሁሉ በዜና ላይ እንደ አንድ ቃል ነው የሚቆጠሩት። ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ትምህርት ቤት አማርኛ መምህራችን አንድ ቃል አትደጋግሙ ይሉን ነበር፤ ለድርሰት ጥሩ ምክር ነው። ዜና ላይ ሲሆን ግን አንደኛው አንቀጽ «ገለጹ»፣ ሁለተኛው «አስታወቁ»፣ ሦስተኛው «ጠቆሙ»፣ አራተኛው ሲደርስ ሌላ ቃል ስለጠፋ «አረጋገጡ» ይሆናል። ሰውየው እኮ በአንድ ወንበር ተቀምጠው፣ በአንድ ድምፅ፣ አንድ ነገር ነው የተናገሩት። «ብለዋል» አሥር ጊዜ ቢደጋገም ማን ይጎዳል? እኔ አልጎዳም።

በአማርኛ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ምክንያቱም ግሡ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። አንባቢው ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ይዞ ይጓዛል፣ ስሙን፣ ማዕረጉን፣ ብሩን፣ ቀኑን ሁሉ ይሸከማል፣ ማኅተሙ የሚመታው መዝጊያው ላይ ነው። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተን እናነብ በነበረበት ጊዜ አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌሎቻችን የምንጠብቀው ያችን የመጨረሻ ቃል ነበር። «አሉ» ካለ እንከራከራለን። «አረጋገጡ» ካለ ክርክሩ ያልቃል።

ሌላዋ ትንሿ «ን» ናት። «መንገዱ ተጠናቋል ብለዋል» እና «መንገዱ መጠናቀቁን ተናግረዋል» አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ቃሉ የሰውየው ነው። በሁለተኛው ጋዜጠኛውም አብሮ የመሰከረ ያህል ነው። ሄዶ ካየው እሰየው፤ ካላየው ግን ያልዋለበትን ምስክርነት ነው የሚሰጠው።

እኛ ጋ «አረጋግጣለሁ» ዋጋ አለው። ፍርድ ቤት የሚገባ ክስ ወይም መልስ መጨረሻው ላይ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት የቀረበው እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ ተብሎ ይፈረማል። ሕጉ የ1958 ዓ.ም. ነው፣ ዛሬም በዚሁ እንሠራለን። ያቺን መስመር ጽፌ እስክሪብቶውን ለባለጉዳዩ ስሰጠው ብዙው ሰው እጁ ቆም ይላል። «ይኼ ምን ማለት ነው?» ይለኛል። ውሸት ከሆነ በአንተ ላይ ነው ማለት ነው እለዋለሁ። አንዳንዱ ያኔ ነው «ሦስተኛዋን ነጥብ እንኳ የሰማሁት ነው፣ አላየሁትም» የሚለው፤ ገጹን ቀድጄ እንደገና እጽፋለሁ። ያቺ ቆም ማለት ጋዜጠኛም እጅ ላይ ብትኖር እወዳለሁ።

«አለ»ን ደግሞ አትናቁት። የድሮው ሙግት ስሙ ራሱ «በላ ልበልሃ» ነበር፤ ያ ሁሉ ክርክር የቆመው በ«አለ» ላይ ነው። ቋንቋችን የሰማነውን ካየነው የሚለይበት መንገድም አለው። «መጥቷል» እና «መጥቷል አሉ» ሲባል ልጅም ልዩነቱ ይገባዋል። አሉባልታም ከዚያው «አሉ» ነው የተሠራው፣ ስሙ ላይ ማስጠንቀቂያውን ይዟል። ወሬውን «አሉ» ብላችሁ ብታቀርቡልን እንጠነቀቃለን። «አረጋገጡ» ብላችሁ ስታቀርቡልን ጥንቃቄያችንን ነው የምትወስዱብን።

የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። ሰው ከተናገረ «ተናገረ» ወይም «አለ» በሉ። ቃል ከገባ ቃል ገባ። ጥፋቱን ካመነ አመነ፣ ካስተባበለ አስተባበለ። «አረጋገጠ»ን መዝገብ ላገላበጠ፣ ቦታው ድረስ ለሄደ፣ ቆጥሮ ላገኘ ሰው አስቀምጡለት። ከእናንተ አንዱ ሄዶ ካየ ደግሞ «አረጋግጠናል» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ፣ ይገባችኋል፣ እኔም አምኜ አነባለሁ።

እማማ የጋዜጣ ቁራጯን መልሰው አልወሰዷትም። አባሪ 1 ብለን ከማመልከቻው ጋር አያይዘናታል፣ ከነቀይ መስመሯ። ገቢ ካደረጉ በኋላ ተመልሰው መጥተው ወንበሩ ላይ አረፍ አሉና «ተቀበሉኝ» አሉኝ። «ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «እናያለን አሉ» አሉኝ።

አክባሪያችሁ፣
ማመልከቻ ጸሐፊው፣ ከአራዳ፣ አዲስ አበባ