«ሙዚቃ ብቻ አጫውቺ» ለሚሉን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። በኮሌጃችን ሚኒ ሚዲያ የሙዚቃውን ሰዓት የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ሰሞኑን ስለ ኤፍ ኤም ሬዲዮዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ጣቢያዎቹ አንድ ዓይነት ዘፈን የሚደጋግሙት አድማጩ የሚፈልገው እሱን ስለሆነ ነው ይላሉ። ሙዚቃ ከፖለቲካ ይራቅ፣ ዲጄም ዘፈኑን ያጫውት እንጂ ሌላ ነገር ውስጥ አይግባ ይላሉ። በሁለቱም አልስማማም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሚኒ ሚዲያችን ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ሚክሰር፣ ሁለት ማይክ፣ ባትሪዋ የሞተ ላፕቶፕ አለን። ድምፃችን የሚወጣው ግቢው ውስጥ ምሰሶ ላይ በተሰቀሉ ስፒከሮች ነው። ከአጥር አያልፍም። በሳምንት ሦስት ቀን ከ6፡30 እስከ 7፡30፣ ተማሪው ምሳ ሲበላ እናጫውታለን። መብራት ከሄደ ፕሮግራሙም አብሮ ይሄዳል። ተማሪዎች ከደብተር የቀደዱትን ወረቀት በመስኮት ያቀብሉናል። «ይህን ዘፈን ለክፍሌ ልጆች ጋብዙልኝ» ይላል አንዱ። «ይቅርታ እንድታደርግልኝ ለምኑልኝ» የሚልም አለ። እነዚያን ወረቀቶች አልጥላቸውም። አንድ የጫማ ካርቶን ሞልተዋል።

መጀመሪያ ላይ እኔም እንደ ኤፍ ኤሞቹ ነበርኩ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ከዩቲዩብ አውርጄ አጫውታለሁ። አንድ ቀን ካርቶኑን ዘርግፌ ቆጠርኩ። የሚጠየቁት ዘፈኖች ተመሳሳይ ናቸው። ሁሉም ደግሞ በዚያ ሰሞን በየታክሲው፣ በየካፌው፣ በየሬዲዮው የሚሰሙ ናቸው። ሰው የሚጠይቀው የሰማውን ነው። ያልሰማውን በምን አውቆ ይጠይቃል?

ጠባሴ አካባቢ የሚኖር አንድ የክፍሌ ልጅ አለ። ራፕ ይሠራል። ስቱዲዮው የተከራያት አንድ ክፍል ናት። ድምፁ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ የመንዝ ባና ሰቅሏል። ሁለት ባና አልበቃ ብሎት ሦስተኛውን ከእናቱ ቤት አምጥቷል። ሰው ሁሉ «ሳውንድ ፕሩፍ» እያለ የሚገዛውን ከውጭ የገባ ስፖንጅ ከመግዛት ይሻላል ይላል፤ ሲቀርጹ ገብቼ ሰምቻለሁ፣ እውነቱን ነው። ቤቱ ከደሴ መንገድ ብዙም አይርቅም። ከባድ መኪና ሲመጣ እጁን ያነሳል። ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን። መኪናው ሲያልፍ እንደገና ከመጀመሪያው። አንዷን ዘፈን ለመጨረስ አራት ሌሊት ፈጅቶበታል። ዘፈኑ ስለ ቤት ኪራይ ነው። አከራይዋንም አይሰድብም። እሷም ኑሮ እንደከበዳት ይናገራል። ሁለቱም፣ እሱና አከራይዋ፣ ወሩ ሲያልቅ እንቅልፍ እንደሚያጡ ይናገራል።

ያንን ዘፈን በምሳ ሰዓት አምስት ጊዜ አጫወትኩት። መጀመሪያ ላይ ማንም ምንም አላለም። በሦስተኛው ሳምንት ወረቀት መጣ። «ያቺን የኪራይ ዘፈን» ይላል። ከዚያ ሌላ መጣ። የልጁ ስም ሳይታወቅ ዘፈኑ ታወቀ። አድማጭ የሚፈልገውን ነው የምንሰጠው የሚሉት ጸሐፊ ይህን እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። አድማጭ ጆሮው ክፍት ነው። የሚዘጋው መንገዱ ነው።

መንገዱ የት ጋ እንደሚዘጋ ሁላችንም እናውቃለን። የአየር ሰዓት ይሸጣል። ተባባሪ አዘጋጁ ሰዓቱን ገዝቶ ይገባል። ወጪውን ለመሸፈን ስፖንሰር ይፈልጋል። ስፖንሰሩ ደግሞ የታወቀ ስም ይፈልጋል። በዚህ መሃል ባና ሰቅሎ የሚቀርጽ ልጅ በየት በኩል ይገባል? አዘጋጆቹን አልወቅስም፤ እነሱም እንጀራቸው ነው። ግን ማን ይሰማ፣ ማን አይሰማ የሚለው ውሳኔ ገንዘብና ሥልጣን ያለው ሰው እጅ ላይ ከሆነ ፖለቲካ ማለት እሱ ነው። የዘፈኑ ግጥም ገና ሳይከፈት ፖለቲካው አልቋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ከመንዝ፣ ከመሃል ሜዳ በኩል እየመጡ በገበያ ቀን ደብረ ብርሃን የሚጫወቱ አንድ አዝማሪ አሉ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ጋሼ ልበላቸው። ጠጅ ቤት ውስጥ በስልኬ ቀረጽኳቸው። ከተጫወቱት ውስጥ ይቺ አለች፦

በጌን ሸጬ ገዛሁ ሬዲዮ ለቤቴ፣
የሁሉን አወራኝ፣ የለችም እናቴ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ጠጅ የሚቀዳው ልጅ ብርሌውን ይዞ ቆመ። እኔ በማግስቱ ሚኒ ሚዲያ ላይ አጫወትኩት።

ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። የጠሩኝ ኃላፊ ክፉ ሰው አይደሉም። ቁጭ በይ ብለው ሻይ አዘዙልኝ። ከዚያ «ይሄ ነገር ፖለቲካ አለው» አሉኝ። የቱ ጋ ነው አልኳቸው። «እናቴ የምትለዋ ማን ናት?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። «እሱ ነው ችግሩ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምናጫውተውን ዝርዝር ከሳምንት በፊት ጽፈን እናስገባለን። «አንቺ ሙዚቃ ብቻ አጫውቺ» ነው የተባልኩት።

ስወጣ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። እዚያው ስፒከር ላይ እንግዳ ከላይ ሲመጣ የሚያሞግስ ዘፈን ይከፈታል። እሱን ፖለቲካ አለው ያለ ሰው አላውቅም። ሲያሞግስ ሙዚቃ፣ ሲጠይቅ ፖለቲካ የሚሆን ከሆነ ቃሉን እየተጠቀምንበት ያለነው ለመከልከል ብቻ ነው።

በሌላ የገበያ ቀን ጋሼን አግኝቼ ነገርኳቸው። ይቆጡ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። ማሲንቋቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ዝም አሉ። «አንቺ ልጅ፣ እናቴማ እናቴ ናት» አሉኝ። እናታቸው ሠርግ ቤት ግጥም ያወርዱ ነበር። አገሩ ሁሉ ያውቃቸው ነበር። ሞቱ። ማንም አልቀረጻቸውም። ጋሼ ሬዲዮውን በከፈቱ ቁጥር የሚጠብቁት እንደ እናታቸው ያለ ድምፅ ነው። አይመጣም።

ኃላፊው ግን በአንድ በኩል ትክክል ነበሩ። ግጥሙ ፖለቲካ አለው። የመንዝ ባላገር በጉን ሸጦ የገዛው ሬዲዮ ስለ እናቱ አንድ ቃል የማይናገር ከሆነ ይህ የሚጠየቅ ነገር ነው። ሰሙ እናት ናት። ወርቁን እያንዳንዱ ሰሚ በራሱ ያወጣዋል። ለዚህ ነው ቤቱ ጸጥ ያለው።

ታሪካችንም ይህንኑ ነው የሚነግረን። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች እያሳደዱ ካስገደሏቸው ሰዎች መሃል አዝማሪዎች ነበሩ። ጠመንጃ ያልያዘ፣ ማሲንቆ ብቻ የያዘ ሰው። ጠላት ማሲንቆ ምን እንደሚሠራ ገብቶት ነበር። በእነዚሁ በሸዋ ተራሮች አርበኞቹ ሲዋጉ የሚያበረታቸው ፉከራና ሽለላ በሬዲዮ አልነበረም፤ በሰው ጉሮሮ ነበር።

ሬዲዮ ራሱ በ1927 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ የመንግሥት ሆኖ ነው የገባው። ሸክላውም፣ ማለትም የዘፈን ዲስኩ፣ እንደዚያው ነበር። ዘፈን በሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1961 ዓ.ም. ግድም አምሀ እሸቴ የሚባል የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት ያንን ክልከላ ተላልፎ በራሱ ገንዘብ ማሳተም ጀመረ። ሸክላውን ውጭ አገር እያሳተመ አስገባ። ከአገር እስከወጣበት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት አልበሞች አወጣ። ዛሬ ዓለም የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን ብሎ ከሚሰማው ሙዚቃ ብዙው የተረፈው በዚያ ልጅ ድፍረት ነው። እሱ የፖለቲካ ንግግር አላደረገም። ያለ ፈቃድ ዘፈን አሳተመ። ይህ ራሱ አቋም ነው። አምሀ በ2013 ዓ.ም. አርፏል፤ ነፍሱን ይማር። የጠባሴው ልጅ ባና ሲሰቅል ሳየው ሁልጊዜ እሱ ይታወሰኛል።

አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ። ሁሉም ነገር ይጫወት ማለቴ አይደለም። አምና አንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም ዘፈን ላከልኝ። ምቱ ያስጨፍራል። ግጥሙ ግን ሌላውን ሕዝብ ይሰድባል። አላጫወትኩትም። ጓደኛዬ አኩርፎኝ ከረመ። ከወለጋ ተፈናቅለው እዚሁ ከተማችን መጠለያ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ስድብ ሲዘፈን ቆይቶ ምን እንደሚወልድ እነሱን ማየት ይበቃል። ዲጄ ኃላፊነት አለበት። ሰውን ከሰው የሚያፋጀውን መተውና ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ ማፈን ግን አንድ አይደሉም። ልዩነቱን ለመለየት ጆሮ ያስፈልጋል። ዝርዝሩን ከሳምንት በፊት ማስገባት ጆሮን አይተካም።

ሕጉን አንስተን ከተነጋገርንም ከጎናችን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ የመግለጽን መብት ጭምር ይጠቅሳል፤ ቅድመ ምርመራን ይከለክላል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013 የማህበረሰብ ብሮድካስትን በስሙ ያውቀዋል። ጅማና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች የማህበረሰብ ሬዲዮ አላቸው። የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 ሙዚቀኛ ሥራው በሬዲዮ ሲሰራጭ ሊከፈለው እንደሚገባ ይናገራል። ስለ ክፍያው ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። እኔ የማውቃቸው ልጆች ገና ስማቸው እንኳ አልተጠራም።

ሬዲዮ አልቆለታል የሚሉም አሉ። ሁሉ ነገር ቲክቶክ ላይ ነው ይላሉ። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ጠፍቶ ነበር። ያን ጊዜ ቲክቶክ የት ነበር? ልጆች ዘፈን በብሉቱዝ ይቀባበሉ ነበር። ሚሞሪ የሚጭኑት ሱቆች ደጃፍ ላይ ሰው ይሰለፍ ነበር። አያቴ ትንሿን ሬዲዮ በሻሽ ጠቅልላ ራስጌዋ ታስቀምጣት ነበር፤ ድንጋዩ ደከመ እያለች ባትሪዋን ፀሐይ ላይ ታሞቅ ነበር። ከውጭ ድምፅ የምታስገባልን ያቺ ሬዲዮ ብቻ ነበረች። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሬዲዮው የሰሜን ሸዋን ሰው የራሱን ድምፅ ቢያሰማው ኖሮ ስንቱን ያጽናና ነበር። እነዋሪ ያለው ሰው ሸዋ ሮቢት ስላለው ሰው የሚሰማው በወሬ ወሬ ነበር።

የምጠይቀው ነገር ይኸው ነው። በዞናችን የሚሰሙ ኤፍ ኤሞች በሳምንት አንዲት ሰዓት ይስጡ። ያለ ክፍያ፣ ያለ ስፖንሰር። ከአንኮበር እስከ አለም ከተማ፣ ከምንጃር እስከ መንዝ፣ ራሳቸው የቀረጹ ልጆችና ማንም ያልቀረጻቸው አዛውንት ይሰሙበት። የዘፋኙ፣ የግጥሙ፣ የዜማው፣ የቅንብሩ ባለቤት ስም ይነበብ። ዲጄው ዘፈኑ ስለምን እንደሆነ ለመናገር አይፍራ። ግጥሙ ኑሮን ከነካ ስለ ኑሮ ይወራ፤ ማዳበሪያን ከነካ ስለ ማዳበሪያ ይወራ። መልስ አለኝ የሚል ባለሥልጣንም መጥቶ ይናገር። ማይኩ ለሁሉም ነው።

እናንተም ጋዜጠኞች ናችሁና ከእናንተም አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ሙዚቃ ስትጽፉ ኮንሰርት የት እንደሚደረግና ማን ክሊፕ እንደለቀቀ ብቻ አትጻፉ። ሰው ልካችሁ ጠጅ ቤት አስቀምጡት፣ ሠርግ ቤት አስቀምጡት። በየአንዳንዱ ወረዳ እንደ ጋሼ እናት ያሉ እናቶች ዛሬም አሉ። ዕድሜያቸው ግን እየሄደ ነው።

ለየትኛውም ጣቢያ ለመስጠት ፍላሽ አዘጋጅቻለሁ። ሠላሳ አንድ ሥራ አለበት። የሁሉንም ባለቤቶች አስፈቅጃለሁ። ስማቸውን በወረቀት ጽፌ አብሬ አስሬዋለሁ። የኪራዩ ዘፈን መጀመሪያ ላይ ነው። የጋሼ ሰባተኛው ነው። መጨረሻው አካባቢ ብርሌ ሲቀመጥ ይሰማል፤ አልቆረጥኩትም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሚኒ ሚዲያ የሙዚቃ አዘጋጅ
ደብረ ብርሃን